የአያ አበጋዝ ጥሩምባ

አንድ ቀን ጎብዬ ገበያ ሄጄ ከእትዬ መዲና ጥቁር አዝሙድ ገዛሁ። እሳቸው በላስቲክ መሸጥ አይወዱም፤ "ላስቲክ ውስጥ ያልበዋል" ይላሉ። ወረቀቱን እንደ ቀንድ ጠምዝዘው፣ አዝሙዱን በጭብጣቸው አፍስሰው፣ አፉን በአውራ ጣታቸው ወደ ውስጥ ያጥፉታል፤ አንዲት ፍሬ አትፈስም። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ስመለስ ሽታው መኪናውን ሞላው። ያ መራራና ሞቅ ያለ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው በጨርቅ ቋጥሮ የሚያሸተው ሽታ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለቴ አነጠሰና አመሰገነኝ።

ቤት ገብቼ ጥቅሉን ስፈታ ወረቀቱ የመጽሐፍ ገጽ ነው። ቁጥሩ ሠላሳ አንድ። ዘይት ነክቶታል፣ ጠርዙ ተበልቷል፤ የመጀመሪያው መስመር ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል፦ "እናቴ ዱላዋን የምታስቀምጠው ከበሩ ጀርባ ነበር።"

ተቀመጥኩ። ያን ዱላ አውቀዋለሁ። ያን በርም አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ እዚያ በር ላይ ቆሜ አንዲት ሴትዮ ዱላቸውን ይዘው እንዲወጡ የጠበቅኩበት ጠዋት አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሸጫለሁ፤ ያን ጠዋት ግን የሚገዛኝ አላገኘሁም።

መጽሐፉን የጻፈው አያ አበጋዝ ነው። የቆቦ ሰው፣ ከቆቦም የኛ ሰፈር ሰው፤ ከአስፋልቱ ወደ ታች ወርደህ የማሽላው እርሻ ሊጀምር ሲል ያለችው የመጨረሻዋ ሰፈር። በልጅነቴ ቀልደኛ፣ በጉርምስናዬ ቴአትረኛ፣ እኔ ነጋዴ ከሆንኩ በኋላ ደግሞ ደራሲ ነበር። ሦስቱንም ሥራ በአንድ ኮት ነው የሠራው። ግራጫ ኮት ነው፣ ክርኖቹ ላይ ቡናማ ጨርቅ የተለጠፈበት። በዚያ በቆቦ ሙቀት ሁላችንም በሸሚዝ ስንቀልጥ እሱ ኮቱን አያወልቅም። "ካወለቅኩትማ ሰው መሆኔን ያውቁብኛል" ይል ነበር።

በወጣትነቱ ከቀበሌ ኪነት ጋር ከተማ ለከተማ ዞሯል። ኪነቱ ሲበተን ሌሎቹ ከበሯቸውንና ልብሳቸውን ለቀበሌው መልሰው ወደየሥራቸው ሄዱ፤ እሱ ግን የሚመልሰው ዕቃ አልነበረውም፣ የነበረው ቀልድ ብቻ ነው። ስለዚህ ገበያ በዋለ ቁጥር መናኸሪያው አጠገብ ይመጣል። ኋላውን ከፍቶ የቆመ አይሱዙ ካገኘ እሱ ላይ ይወጣል፤ ካጣ የቲማቲም ሣጥን ገልብጦ ይቆምበታል። ከግመሎቻቸው ላይ ጨው ሲያራግፉ የነበሩት አፋሮች እንኳ፣ ቋንቋውን ግማሹን ሳይሰሙ፣ ሰው ሲስቅ አይተው ይስቃሉ።

የሚታወቀው በጥሩምባው ነው። ጥሩምባዋ ከእርዳታ ዘይት ጣሳ የተሠራች ናት፤ ቆርቆሮ ሠሪው ቀዶ ጠቅልሎ ሲበይዳት "አይሸጥም" የሚለው የጣሳው ጽሑፍ ከውጭ በኩል ቀርቷል። ድምፅዋ ስንጥቅ አለው። እሷን ይዞ የዕድራችንን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ሰይድን ይመስል ነበር። ጋሽ ሰይድ ሰው ሲሞት ንጋት ላይ ወጥቶ፣ ሦስት ጊዜ ነፍቶ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እየጠራ ሰፈሩን የሚያዳርስ ሰው ነው፤ ያን ድምፅ የሰማ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። አያ አበጋዝም ልክ እንደሱ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ሦስት ጊዜ ይነፋና ይጀምራል፦

"የዕድራችን አባላት! መብራት ትናንት ማታ ስላረፈ ቀብሩ ዛሬ ከምሰሶው ሥር ይፈጸማል! ሻማ ሳይዝ የመጣ ይቀጣል!"

ሰው ይስቃል።

"የዕድራችን አባላት! የቆቦ ነጋዴ ይሉኝታ ከብዙ ሕመም በኋላ አርፏል! ሬሳው ስላልተገኘ በሌለበት ይቀበራል!"

በዚህኛው ከሁሉ አብልጠው የሚስቁት ነጋዴዎቹ ነበሩ። አሁን ነጋዴ ስሆን ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ እያንዳንዱ ስለ ጎረቤቱ የተነገረ ይመስለዋል።

የሚወደደው ግን መጨረሻው ነው። ጥሩምባውን ዝቅ ያደርጋል። ኮቱን ያስተካክላል። ሕዝቡ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ከወዲሁ ከንፈሩን ነክሶ ይጠብቃል። "የዕድራችን አባላት" ይላል በቀጭን ድምፅ፣ "እናቴ ወይዘሮ ዘነቡ..." ሳይጨርሰው ከጌሾ ሻጮቹ መሀል አንዲት አጭር፣ ጠይም ሴትዮ ብድግ ይላሉ። እናቱ ናቸው። የጌሾ እስራቸውን ጥለው፣ የወይራ ዱላቸውን አንስተው፣ "አንተ! ማንን ነው የምትቀብረው? ገና ነኝ!" ብለው ይነሱበታል። እሱ ከሣጥኑ ዘሎ ይሮጣል። እትዬ ዘነቡ ይከተሉታል። በግመሎቹ መሀል ይሹለከለካሉ፣ እሱ ከአንዱ ግመል ጀርባ ብቅ ሲል እሳቸው ከሌላው ጀርባ ይጠብቁታል፤ ገበያው ያብዳል። "እትዬ ዘነቡ፣ በግራ በኩል ነው! በግራ!" እያልን እኛ ልጆች እንጠቁማለን።

ዱላው አንድም ቀን አርፎበት አያውቅም። ሲደክማቸው ያቆሙና ኮቱን ይዘው እየሳቁ አቧራውን ያራግፉለታል።

"ገና ነኝ" የከተማው ንግግር ሆነ። ሽማግሌ "እንዴት አደሩ?" ሲባል "ገና ነኝ" ይላል። ባቡር የምታህል ክምር ማሽላ የተሸከመ ሰው "ደከመህ?" ሲሉት "ገና ነኝ!" ይላል። በሽተኛ ሊጠይቁ የሄዱ ሰዎች በዚህች ቃል አስቀውት ይመለሳሉ።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ፤ ያለዚያ የሆነው አይገባም። በኛ አገር ሐዘንተኛ የራሱን ቤት ሬሳ አይለፍፍም። ሬሳ ያለበት ቤት ሰው ይቀመጣል፤ የሚሮጠው፣ የሚነፋው፣ ድንኳን የሚያወጣው ሌላው ነው። እናቱ የሞተችበት ሰው ጥሩምባ ይዞ ሲዞር ያየ የለም። ነውር ስለሆነ ብቻም አይደለም፤ እንደዚያ ብቻውን የሚቀር ሰው አለ ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው።

ማሽላው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነበር። በዚያ ሰሞን የሰፈራችን ወንድ ሁሉ እርሻ ላይ ነው የሚያድረው፤ ጎህ ሳይቀድ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ይከላከላል። ጋሽ ሰይድን ደግሞ ወባ ጥሎታል፤ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ንጋት ላይ ጥሩምባ ሰማን። እናቴ ተነስታ ነጠላዋን ልትለብስ እጇን ዘርግታ ነበር። ጥሩምባው ሁለተኛ ሲነፋ ስንጥቁን ለየችው። "ኤዲያ! ይሄ ሰውዬ ደግሞ ገበያውን ጨርሶ ቤታችን ድረስ መጣ!" አለችና ጋደም አለች። እኔ ግን ዘልዬ ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ነፃ ቀልድ ደጄ ድረስ መጥቶ ማን ይተኛል?

አያ አበጋዝ ኮቱን ለብሷል። እግሩ ግን ባዶ ነው። "የዕድራችን አባላት" አለ፣ "እናቴ ወይዘሮ ዘነቡ ሌሊት አርፋለች። ቀብሯ በአራት ሰዓት ነው። እባካችሁ።"

ጋሽ ሰይድ እባካችሁ ብሎ አያውቅም። ልብ ማለት የነበረብን እዚያ ላይ ነበር።

ከየአጥሩ በላይ ጭንቅላት ብቅ ብቅ አለ። "አያ አበጋዝ፣ ዛሬስ እንባም ጨምረህበታል!" አለች አንዷ። ሌላዋ፣ "አንተ፣ በጠዋት እናትህን ገድለህ ቁርስ ማን ያበላሃል?" ብላ ሳቀች። እኛ ልጆች ስድስት ሰባት ሆነን ተከተልነው። ጥሩምባውን ሲነፋ በአፋችን እንነፋለን፤ "የዕድራችን አባላት" ሲል አብረነው እንላለን። ከሁሉ ቀድሜ የምሄደው እኔ ነኝ፣ ከሁሉ አብልጬ የምስቀውም እኔ። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ። ጉንጩ ርጥብ ነበር። ውሃ ቀብቶ መጥቷል ብዬ አደነቅኩት።

ከዚያ ሩጫ ሆነ። የቀልዱን መጨረሻ ስለምናውቅ እሱን ትተን ቀድመነው ቤቱ ሄድን። እትዬ ዘነቡ ዱላቸውን ይዘው ሲወጡ ከፊት ሆኖ ለማየት በሩ ላይ ተሰለፍን። ቆየን። ፀሐይ ወጣች። እኔ ትዕግሥት አጣሁና ጮህኩ፦ "እትዬ ዘነቡ! ይውጡ እንጂ!"

የወጣችው ጎረቤታቸው ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችን። በተከፈተው በር ውስጥ የወይራዋ ዱላ ግድግዳውን ተደግፋ ትታያለች።

እኛ ልጆች ደንግጠን ማሽላው ውስጥ ተደበቅን፤ ለማንም አልተናገርንም። ዘጠኝ ሰው ነው የቀበራቸው። ቄሱንና ዲያቆኑን ጨምሮ። አራቱ ተሸክመው፣ የሚለውጣቸው ስላልነበረ፣ እየቆሙ እያረፉ ወሰዷቸው። አንደኛው ተሸካሚ አያ አበጋዝ ራሱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ሲሰማ ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። ከእርሻው፣ ከገበያው፣ ከሮቢት ሳይቀር። ድንኳኑ ሰው አልችል አለ፤ እንጀራውና ንፍሮው ተትረፈረፈ። ሁሉም አለቀሰ፤ ግን እሳቸው አፈር ከገቡ ሰዓታት አልፈዋል። በዕድራችን ደንብ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። የዕድሩ ዳኛ ጉዳዩን ሊያነሱ ተነሱና ተመልሰው ተቀመጡ፤ ከተማውን ሙሉ መቅጣት ሊሆን ነው፣ እሳቸውም ራሳቸው ቀሪ ናቸው። እናቴ ከለቅሶው ስትመለስ አልገረፈችኝም። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

አያ አበጋዝ ከዚያ በኋላ ሣጥን ላይ አልወጣም። ትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። በሩ አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል ፊት፣ በጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቶ፣ ሲጽፍ ይውላል። ደብተሩ ተማሪ ጽፎበት የጣለው ነው፤ ባዶ የቀሩትን ገጾች እየመረጠ ይሞላቸዋል። ትልልቆቹ ልጆች ይነካኩታል፤ "አያ አበጋዝ፣ ቀልድ ተውክ እንዴ?"

"አልተውኩትም። እሱ ነው የተወኝ" ይላል ቀና ሳይል።

እኔ በበሩ ሳልፍ በሌላው ጎን ነበር የማልፈው።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ጽሕፈቱ ቴአትር ሆኖ ወጣ። የአንድ ሰው ቴአትር ነው ተባለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቆቦ አይታ ስለማታውቅ፣ ሌሎቹ ተዋንያን የቀሩት መኪና አጥተው የመሰለው ሰው ብዙ ነበር። ስሙ "ገና ነኝ" ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ አዳራሹን ሞላው። የጄኔሬተሩ ናፍጣ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ከአልጋ አንሶላ የተሰፋ መጋረጃ አለ። መጋረጃው ሲከፈት አንድ ወንበር፣ አንድ ጥሩምባ፣ አንድ የወይራ ዱላ፣ አንድ ግራጫ ኮት። ብቻውን ሁሉንም ሆነ። ነጠላ ጣል ሲያደርግ እናቱን፣ ሲንቀጠቀጥ ጋሽ ሰይድን፣ አንገቱን በአጥር ላይ ሲያወጣ ጎረቤቶቹን። ያ ጠዋት ከነአቧራው መድረኩ ላይ መጣ።

ሰውም ሳቀ።

ጥሩምባው ሲነፋ አዳራሹ ፈነዳ። እሱ እየለመነ ሲዞር እግራቸውን እየመቱ ሳቁ። "እናቴ ወይዘሮ ዘነቡ" ሲል ደግሞ፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ፊት የተቀመጡት ሰዎች ወደ ኋላ ዞሩ። ሴትዮዋ ብድግ ሲሉ ሊያዩ። ከሞቱ ስንት ዓመታቸው! ቀብር ላይ ያልተገኘ ሰው ሞትን በግማሽ ነው መሰለኝ የሚያምነው። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ድምፁን አሳንሶ "ገና ነኝ!" ሲል ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው።

አያ አበጋዝ ቆመ። ጥሩምባውን ይዞ፣ ሳቁ እንደ ዝናብ እስኪያባራ ጠበቀ። ከዚያ ቀጠለና፣ እናቱን ሆኖ እስከሚላት የመጨረሻ ቃል ድረስ ተጫወተ። እጅ ነሳ። አጨበጨቡ። በሩ ላይ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ "አቦ፣ እንደ ድሮው ነህ! አልረሳኸውም!" አሉት። እኔ በዚያ ቀን አልሳቅኩም። ግን ጎኔ ያለውን ዝም በል አላልኩም፤ ጫማዬን ሳይ ነበር።

ከዘበኝነቱ ፈቃድ እየጠየቀ ከተማ ለከተማ መዞር ጀመረ። ወልድያ አሳየ። ደሴ አሳየ። ኮቱን፣ ጥሩምባውንና ዱላውን በጆንያ አድርጎ አውቶቡስ ላይ ይጭናል። ደሴ ላይ ሰው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ የሚል ወሬ መጣ። ሲመለስ መናኸሪያው ላይ የሚጠብቁት የድሮ ወዳጆቹ ተንጫጩ፤ "ደሴን አስለቅሰህ እኛን የምታስቀን ምን በድለንህ ነው?"

ከሳቁት ጋር ሳቀ። በኋላ፣ እኔ አሥረኛን ጨርሼ የአጎቴ መጋዘን ውስጥ ማሽላ መስፈር ስጀምር፣ የነገረኝን ግን አልረሳውም። "ደሴ ሲያለቅስ ደስ አይለኝም" አለ። "ደሴ እናቴን አያውቃትም። እኔ የምፈልገው ያን ቀን ያልመጡት እንዲመጡልኝ ነው።"

መጽሐፉን ያሳተመው፣ ሰው በዝምታ ቢያነበው ብሎ ይመስለኛል። ብቻውን የሚያነብ ሰው የሚስቅለት ጎረቤት የለውም። መጽሐፉ በገመድ ታስሮ በአይሱዙ ሲመጣ የሚያስቀምጥበት ስላልነበረው መጋዘኔ ውስጥ፣ ከማሽላው ጆንያ ጎን ደረደርነው፤ ያኔ መጋዘኑ የኔ ሆኖ ነበር። እኔ ስለ መጽሐፍ የማውቀው ክብደቱን ነው። ሽፋኑን አየሁ፤ አንድ የተዘጋ በር ብቻ።

"አያ አበጋዝ፣ ይሄ አይሸጥም" አልኩት። "አንተ ስትስቅ የተነሳኸውን ፎቶ አድርግበት። ቆቦ የሚያውቀው እሱን ነው።"

"አይሸጥም?" አለ።

"አይሸጥም።"

"ከጥሩምባዬ ጋር ይስማማላ።"

እውነትም አልተሸጠም። አውቶቡስ ሲቆም ክንዱ ላይ ደርድሮ ይወጣል። ቆቦ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ። ተሳፋሪው ያገላብጥና "ቀልድ አለበት?" ይለዋል። "ትንሽ" ይላል እሱ። ብርቱካንና ውሃ የሚሸጡት ሲቀድሙት ዞር ብሎ ያሳልፋቸዋል። ነጋዴ ሆኖ አልተፈጠረም። ማታ ማታ ያልተሸጠውን ሊመልስ ሲመጣ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን፤ እንደዚያ አንድ ቀን ነው አፌ ያመለጠኝ።

"አያ አበጋዝ፣ ያን ጠዋት እኮ ልጆቹ መሀል ነበርኩ። ይውጡ እንጂ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።"

መጽሐፎቹን ማስተካከሉን አላቆመም። "አውቃለሁ" አለ። "በሩ ላይ ቆመህ ስትጠብቃት ከመንገዱ አየሁህ።"

"ይቅር በለኝ።"

"ለምኑ?" አለና ቀና አለ። "እኔም እኮ እየጠበቅኳት ነበር። አንተ ስትጮህ፣ ብትወጣስ ብዬ ሮጥኩ።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ደቂቃ ያወራነው ስለ ማሽላ ነበር።

ክፉው ጊዜ ሲመጣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ። ስለሱ ብዙ አልልም፤ ያየ አይቶታል። አንድ ነገር ብቻ። በነዚያ ወራት ጥሩምባ አልተነፋም። ሰው ሲሞት ማን ይነፋል፣ ማንስ ደፍሮ ይወጣል? በአራት ሰው፣ በሦስት ሰው፣ እናትና ልጅ ብቻቸውን ሆነው በጓሮ የቀበሩ አሉ። ለቅሶው በነጠላ ታፍኖ ነው የተለቀሰው። መጋዘኔም ተሰበረ፤ እህሉ ሄደ፣ የመጽሐፉ እስርም አብሮ ሄደ። መንገዱ ሲከፈት አያ አበጋዝን ፈልጌ አገኘሁትና እንዴት እንደምነግረው ጨንቆኝ ነገርኩት። ባዶውን መጋዘን ዞር ዞር ብሎ አየው።

"መጽሐፌ በሽሚያ አለቀ በለኛ!" አለ።

ትንሽ ቆይቶ ዕድሩ በዚያ ጊዜ ሳይለፈፍላቸው ለተቀበሩት ሁሉ አንድ ቀን ለቅሶ ይደረግ ብሎ ወሰነ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን። ጋሽ ሰይድ ከሞተ ቆይቷል፤ አሁን የሚለፈፈው በባጃጅ ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን በማጉያ እንዳይሆን አሉና አያ አበጋዝ ጋ ሄዱ። ስማቸውን እየጠራ እንዲነፋላቸው። "እነፋለሁ" አለ፤ "ግን ከእናቴ ልጀምር። ቀድማ ነው የሞተችው።"

መድረክ የለም፣ መጋረጃ የለም። ድንኳኑ መሀል፣ አቧራው ላይ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ያን ጊዜ እንዳደረገው ጫማውን አውልቆ ቆመ። ኮቱ ሰፍቶታል፤ ወይም እሱ ጠቦታል። ነጠላውን ጣል አድርጎ እናቱን ሆነ። ተንቀጥቅጦ ጋሽ ሰይድን ሆነ። ሦስት ጊዜ ነፋ። ትንፋሹ ስለከዳው ሦስተኛዋ ድምፅ አልወጣችም፤ አየር ብቻ ነበረች።

"የዕድራችን አባላት" አለ። "እናቴ ወይዘሮ ዘነቡ ሌሊት አርፋለች። እባካችሁ።"

ወደ ኋላ የዞረ ሰው አልነበረም። የሳቀም አልነበረም። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዘጠኝ ሆኖ መቅበር ምን እንደሆነ ያወቀው በዚያ ዓመት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አያ አበጋዝ ይሄን ዝምታ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው ኖሮ አሁን ሲመጣለት ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ቃሉ ጠፋው። ጥሩምባውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፤ ቆየ፤ ቆየ።

ከሴቶቹ መሀል አንዲት አሮጊት ተነሱ። እማማ ሎሚ ናቸው፣ በክፉው ጊዜ እሳቸውና ምራታቸው ሁለት ብቻ ሆነው ልጃቸውን የቀበሩ። ዱላቸውን ይዘው በዝግታ ወደሱ መጡ። ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና በቀኛቸው የኮቱን አቧራ አራገፉለት።

"በቃህ ልጄ" አሉ። "ሰምተንሃል። መጥተናል።"

ክንዱን ይዘው ወስደው አጠገባቸው አስቀመጡት። ያኔ አለቀሰ። ድንኳኑም አብሮት። ስሞቹን ሌላ ሰው ጠራቸው፤ እሱ የእማማ ሎሚን ዱላ ጨብጦ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

ዝናቡ ሳይጥል አያ አበጋዝ ሞተ። በባጃጅ ነው የተለፈፈለት። ማጉያው ስሙን ሲጠራ በራችን ላይ ነበርኩ፤ መንገዱን ሁሉ አየሁ። ማንም "ኤዲያ" ብሎ አልተመለሰም። ነጠላው፣ ጋቢው፣ ሽርጡ ከየበሩ ወጣ። ሱቁ ተዘጋ፣ ሚኒባሶቹ ቆሙ። ቃሬዛውን የሚሸከም ሰው ስለበዛ እኔ እንኳ አሥር እርምጃ ሳልሄድ ተቀማሁ። ጥሩምባዋን ለዕድሩ ነው የተወው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከድስቶቹ በላይ ተሰቅላለች፤ ጽሑፏ ወደ ውጭ ነው።

ለኔ የተወልኝ የለም። መጽሐፉም፣ በእጄ ነው ብዬ አንድ ቅጂ ለራሴ ሳላስቀር፣ ተዘርፎ ሄደ። ደሴ ብፈልግ ሙሉውን እንደማገኝ ይነግሩኛል። አልፈልግም። እኔ የምፈልገው ከመጋዘኔ የወጣውን ነው። ቅመም ሻጮቹ እጅ ገብቶ፣ ገጽ በገጽ እየተቀደደ ከጎብዬ እስከ ሮቢት በርበሬና ድንብላል ይጠቀለልበታል። እትዬ መዲና አሁን አውቀውኛል፤ ወረቀቱን ያሳዩኝና "ይሄ አለህ?" ይሉኛል። የሌለኝ ከሆነ እገዛለሁ። ባለቤቴ "በዚህ ቤት ሰው የሚሞተው በጥቁር አዝሙድ ተቀብሮ ነው" ትላለች።

ብዙው ገጽ ተገኝቷል። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ያለበትም ተገኝቷል፤ ስሜን አልጻፈም። የጠፋው የመጨረሻው ገጽ ነው። የሚለውን አውቀዋለሁ፤ አዳራሹ ውስጥም ሰምቼዋለሁ፣ ሁለት ቃል ናት፣ እናቱ ናቸው የሚሏት። ቢሆንም ገበያ በዋለ ቁጥር እሄዳለሁ። ጥቅሉን ገዝቼ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሳልፈታው እስከ ቤት እጠብቃለሁ።